ከዋርካዋ ወዲህ ያለ አማርኛ

«አማርኛሽ የየት ነው?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። በክፋት አይደለም። ስናገር ይሰሙኛል፤ አንዱ ቃል የጎንደር፣ አንዱ የመጽሐፍ፣ አንዱ ደግሞ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ይሆንባቸዋል። «የጎንደር ነው» እላለሁ። ጠያቂው ራሱ ጎንደሬ ከሆነ ግን በዚህ አይለቀኝም። «ጎንደር ከወዴት?» ይላል። እዚያ ላይ ዝም እላለሁ። መሸሸጌ አይደለም፤ አሁን የምሸሽገው ነገር የለኝም። መልሱን አለማወቄ ነው።

ግማሹን መመለስ እችላለሁ። «መጥቼ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ከአፌ የሚወጣው ግን «መጥቸ» ነው። «ልጄ» ብዬ የጻፍሁትን «ልጀ» ብዬ አነበዋለሁ። ያማረኝን ሁሉ «ሸጋ» እላለሁ፤ «ለምን» ማለት ባለብኝ ቦታ «ምነው» ይቀድመኛል። ይህ የበጌምድር ሰው ሁሉ አነጋገር ስለሆነ አያከራክርም። የሚያከራክረው ሌላው ነው። ሲደክመኝ ወይም ስቸኩል «ጥ» ትላላብኛለች፤ ጥድን «ትድ» ልል ጥቂት ይቀረኛል። ዛፍ ሲያሳዩኝ ደግሞ ከስሙ በፊት አነዳደዱ ነው ትዝ የሚለኝ። ይህን አማርኛ የተማርሁት ከአንዲት ዋርካ ወዲህ ባለው መንገድ ላይ ነው። መንገድ አገር ይባል እንደሆነ አላውቅም።

እናቴ እንጨት ሻጭ ነበረች። መንደራችን ከጎንደር በስተምዕራብ፣ በጭልጋ መንገድ በኩል፣ ከደኑ ማዶ ነው። ቅማንቶች ነን። እኔ ልጅ በነበርሁበት ጊዜ፣ ጣሊያን ወጥቶ ንጉሡ ከተመለሱ ብዙም ሳይቆይ፣ የመንደራችን ሴቶች እንጨት ተሸክመው ደኑን አቋርጠው ከተማ ይገቡ ነበር። በመንገዱ እኩሌታ ላይ አንዲት ዋርካ አለች። እስከ ዋርካዋ ድረስ ሴቶቹ የሚያወሩት በራሳችን ቋንቋ ነው። ከሥሯ ሲደርሱ ሸክማቸውን ከድንጋዩ ካብ ላይ ያሳርፋሉ፣ ላባቸውን ይጠርጋሉ፣ ውኃ ይጎነጫሉ። ሸክሙን መልሰው ሲያነሡ ቋንቋው ይለወጣል። ከዚያ ወዲህ እርስ በርሳቸው እንኳ አማርኛ ብቻ ነው። ያዘዛቸው ሰው የለም፤ ደንብ ነበር። ሲመለሱም እዚያው ሲደርሱ አማርኛውን ትተው በራሳችን ቋንቋ ይጀምራሉ፤ የመጀመሪያው ነገርም ሁልጊዜ ሳቅ ነበር።

አንዲት ጎረቤታችን በተለይ የገዢዎችን ድምፅ ማስመሰል ታውቅበታለች።

«‹አንቺ፣ ይህ እንጨት ይነዳል?› አይሉኝም? ‹የለም እሜቴ፣ ለጌጥ ነው ያመጣሁልዎ› ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።»

«ብለሽ ቢሆን አንቺን ነበር የሚያነዱሽ» ትላታለች እናቴ።

ይህ ሁሉ የሚባለው በኛ ቋንቋ ነው። እዚህ በአማርኛ የጻፍሁት ሌላ መንገድ ስለሌለኝ ነው። ቋንቋችን ባፍንጫ በኩል የሚወጣ አንድ ድምፅ አለው፤ ለሱ የተቀረጸ ፊደል የለም። ሁለት ፊደል አጋጥሜ ብጽፈው ድምፁ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ አንዱንም ቃል አልጽፍም።

እንግዲህ በልጅነቴ የማውቀው አማርኛ የበር ላይ አማርኛ ነበር፤ ሰላምታ፣ ምርቃት፣ «ደረቅ ነው፣ እሜቴ»። የሚያለቅሱበት፣ የሚቆጡበት፣ ቅጠልን ከቅጠል የሚለዩበት አማርኛ አልነበረኝም። የዛፍ ስም ደግሞ ሴቶቹ ከተማ ውስጥ አይጠሩም። «ይህ ወይራ ነው» ያለች ሴት «ከየትኛው ደን ቆረጥሽው?» ትባላለች። የቤተ ክርስቲያን ደን አለ፣ የመንግሥት ደን አለ፣ ዘበኛ አለ። የወደቀና የደረቀ መልቀሟን ማን ያምናታል? ስለዚህ እንጨቱን ሁሉ በአነዳደዱ ይጠሩታል። ፍም የሚያቆይ፣ ርጥቡም የሚነድ፣ ቶሎ የሚይዝ፣ ዓይን የማያቃጥል። ገዢም የሚፈልገው ይህንኑ ማወቅ ነው፤ ተፈልጦ የታሰረ እንጨት ስሙን የሚጠይቀው የለም።

ከተማ የገባሁት ከልጅነት ወጣ ካልሁ በኋላ ነው። እናቴ አራዳ ላይ ቦርሳ አንጠልጥለው ትምህርት ቤት የሚሄዱ ሴቶች ልጆች አይታ ነበር። እንጨቷን አራግፋ በተመለሰች ቁጥር የምታወራው ስለዚያ ቦርሳ ሆነ። አዘዞ ላይ ጠላ የምትሸጥ ወዳጅ ነበረቻት። ይህች ሴት አንዲት የቄስ ባልቴት ለቤት የምትረዳቸው ልጅ እንደሚፈልጉ፣ ግማሽ ቀንም ትምህርት ቤት እንደሚልኳት ሰማች። «ያክስቴ ልጅ ናት፣ ከደምቢያ የመጣች» ብላ ወስዳ አስረከበችኝ። ደምቢያ ቅርብ ነው፤ እኔ ግን ረግጬው አላውቅም ነበር።

ለምን እንደዚያ እንዳለች ማንም አላስረዳኝም፤ ማስረዳትም አላስፈለገም። የኛ ሰዎች ጸሎታቸውን ዛፍ ሥር ያደርሱ ስለነበር፣ ሴቶቻችንም እንጨት ስለሚሸጡ፣ በከተማው «የእንጨት ልጆች» የሚለን ሰው ብዙ ነበር። ባልቴቲቱን እንደ ሁሉም ሰው «እሜቴ» እላቸው ነበር። እሜቴ ያንን ስድብ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። ማንነቴን ቢያውቁ ምን እንደሚያደርጉ ግን አላውቅም ነበር። ከቤታቸው ከወጣሁ ከትምህርቱም እወጣለሁ፤ ይህን ብቻ አውቅ ነበር።

እሜቴ ቃል አዋቂ ነበሩ። ከባላቸው የወረሱት ግእዝ ባፋቸው ላይ አለ። እኔ አንድ ቃል ሳበላሽ እንዝርታቸውን ያቆማሉ።

«ምን አልሽ?»

እደግመዋለሁ።

«ደምቢያ እንዲህ ነው የሚባለው?»

«አዎን፣ እሜቴ።»

«ጉድ ነው። እኔ ሳውቃት ደምቢያ በደህና አማርኛ ነበር የምትናገር።»

ደምቢያ ያላለውን ብዙ ነገር በደምቢያ አሳብቤአለሁ።

እናቴ ለእሜቴ እንጨት ማምጣት የጀመረችው እኔ እዚያ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። እሜቴ «ቅማንቷ» ይሏታል። በቅዳሜ ገበያ ሌሎቹ እንጨት ሻጮች ሁሉ ሲመጡ እሷ አትመጣም፤ ቅዳሜ የኛ የዕረፍት ቀን ስለሆነ የሷ ማንነት አይደበቅም ነበር። በር ላይ እንደማንኛዋም ሻጭና እንደማንኛዋም የቤት ልጅ እንነጋገራለን። «እንደምን ዋልሽ፣ እቴ» ትለኛለች። «እግዚአብሔር ይመስገን» እላታለሁ። ልትጠይቀኝ የፈለገችውን ለእሜቴ ትነግራቸዋለች።

«ይች ልጅ ፊቷ መለስ ብሏል፣ እሜቴ። ደህና ቢይዟት ነው።»

«ምን የምትበላ መስሎሽ? ወረቀት ነው ምግቧ።»

«ይሁና፣ ወረቀትም የሚያጠግብ እንደሆነ።»

«እሷንስ ያጠግባታል። ወጡን ነው የሚያሳርርብኝ።»

እናቴ ትስቅና ገመዷን ጠቅልላ ትሄዳለች። እኔ እንጨቱን ወደ ጓሮ አስገባለሁ።

እሁድ እሁድ እሜቴ ከቅዳሴ መልስ ከማኅበርተኞቻቸው ጋር ይውላሉ። እኔ የቀሃን ወንዝ ተሻግሬ ዳገቱን እወጣለሁ፤ እናቴ ከዋርካዋ ማዶ ትጠብቀኛለች። በደኑ ውስጥ እንዲሁ እንሄዳለን። ሥራ የለንም። እሷ ከልማዷ የወደቀውን ጭራሮ ሁሉ በዓይኗ እያነሣች ታልፋለች እንጂ አትለቅምም። ጥዶቹ ከላይ ናቸው፤ ከሥራቸው ክትክታና አጋም፣ ወንዙ ዳር ሾላና ዶቅማ። በዚያን ጊዜ እነዚህን ስሞች አላውቃቸውም ነበር፤ የማውቃቸው እናቴ በምትጠራቸው ስም ነው። እያንዳንዱ ቅጠል በኛ ቋንቋ ስም ነበረው። አንዱን አሳስቼ ስጠራ እናቴ እርምጃዋን ታቆማለች፤ እስካስተካክል ድረስም አትንቀሳቀስም። እሷና እሜቴ በዚህ አንድ ነበሩ።

ለጸሎት የተተዉት ትልልቅ ዛፎች ዘንድ ስንደርስ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። በዳር በኩል እናልፋለን። ከዚያ ውስጥ የወደቀ ቅርንጫፍ እንኳ አይነሣም።

ትምህርት ቤት ከክፍሉ ልጆች ሁሉ በዕድሜ ትልቋ ነበርሁ። በንባብ ግን የሚቀድመኝ አልነበረም። አማርኛ የሚያስተምሩን መምህር ከሸዋ የመጡ ነበሩ፤ አነጋገራችን ያስቃቸዋል፣ ደግሞም ይወዱታል።

«‹መጥቸ› አይባልም፤ ‹መጥቼ› ነው» ይሉናል።

«የመጡትስ እርስዎ ነዎት መምህር፤ እኛ ከዚሁ ነን» አላቸው አንድ ቀን ከኋላ ያለ ልጅ። ከልጁ ይልቅ እሳቸው ሳቁ።

በግንቦት ወር፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ «ዛሬ መጽሐፉ ይረፍ» ብለው ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ደን ወሰዱን። የአገሩ ሰው ዛፉን ሁሉ ምን ምን እንደሚለው ማወቅ ፈልገዋል። እየቆሙ ይጠይቃሉ፣ ልጆቹ በየተራ ይመልሳሉ። «አጋም» ይላል አንዱ፤ «እኛም አጋም ነው የምንል» ይላሉ መምህሩ። ግንዱ የተጠማዘዘ፣ ቅጠሉ በውስጥ በኩል ነጣ ያለ አንድ ዛፍ ዘንድ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ አንባቢዋ፣ ይህስ?»

«ፍም የሚያቆይ» አልሁ።

ግንዱን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። «ስሙን ነው የጠየቅሁሽ። ሥራውን አይደለም።»

«ስሙ ነው፣ መምህር።»

ከጎኑ ወዳለው ቁጥቋጦ አመለከቱ። «ይኸኛውስ?»

«ርጥቡም የሚነድ።»

ልጆቹ ሳቁ። መምህሩ አልሳቁም። «እኛ አገር ወይራና ክትክታ ይባላሉ» አሉ። «እዚህ ሌላ ስም አላቸው ማለት ነው?»

ወይራ የሚለውን ቃል በንባብ አውቀው ነበር። እሜቴም የጠላ ጋን የሚያጥኑበትን ስንጣሪ ወይራ ይሉታል። ያ ቃልና ያ ስንጣሪ ከፊቴ የቆመው ዛፍ መሆናቸውን ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ዛፉን ከነቅጠሉ የማውቀው በእናቴ ቋንቋ ነው፤ በአማርኛ የማውቀው ተፈልጦ ከታሰረ በኋላ ነው። በመሀሉ ባዶ ነበር።

የእሜቴ የእህት ልጅ እኔው ክፍል ውስጥ ትማር ነበር፤ እዚያው ግቢ ነው አብረን የምንኖር። ነገሩን የጨረሰችው እሷ ናት።

«መምህር፣ ይህ የእንጨት ሻጮች አነጋገር ነው። በራችን ላይ ሁልጊዜ እንሰማዋለን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለች። «የደምቢያ ልጅ ናት ይሏታል እንጂ የእንጨት ልጅ ሳትሆን አትቀርም።»

«በቃሽ» አሏት መምህሩ። መንገዳችንን ቀጠልን። ከዚያ በኋላ አንድም ዛፍ አልጠየቁኝም።

ልጅቷ ቤት እንደገባን ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ለአክስቷ ነገረቻቸው። እሜቴ ጥጥ እየፈተሉ ሰሟት።

«ወይራ ፍም አያቆይም እንዴ?» አሏት።

«ያቆያል፣ ግን እኮ...»

«ካቆየ ምኑ ነው የሚያስቅሽ? ሂጂ ልብስሽን ለውጪ።»

ወደ እኔ አላዩም። ለምን እንዳላዩ አላወቅሁም። ነገሩ እዚያ እንደማይቀር ግን ታየኝ፤ ልጅቷ እናቴ በመጣች ቁጥር ከበሩ አጠገብ ቆማ ሁለታችንን ማስተያየት ጀምራለች። ከእናቴ ጋር ጥርሳችን አንድ ነው፤ ስንስቅ ይታወቃል።

በሚቀጥለው እሁድ ደኑ ውስጥ ሁሉንም ለእናቴ ነገርኋት። መጀመሪያ ሳቀች። «ቆሞ ያለውን ዛፍ ነው ፍም የሚያቆይ ያልሽው?» አለችኝ። ከዚያ ልጅቷ ያለችውን ስነግራት ሳቋ ቆመ። ጥቂት ከሄድን በኋላ፦

«እንግዲያ እኔ ያንን በር አልረግጥም» አለች።

«ምነው እማየ? ማንም ምንም አላለም እኮ።»

«ሳይሉ መች ይቀራሉ? አንቺ ትምህርትሽን ጨርሽ። እንጨት እንደሆነ ሌላም ቤት ይነዳል።»

«እሁድስ?»

«እሱም ይቆይ። ዳገት ስትወጪ የሚያይሽ ሰው አይጠፋም።»

ልቃወማት ፈለግሁ። የመጣልኝ ቃል ሁሉ ግን ከትምህርት ቤት የመጣ አማርኛ ነበር፤ ለሷ የሚሆን አልነበረም።

ክረምት ገባ። እናቴ እንዳለችው ቀረች። እሜቴ ከሌሎች እንጨት ገዙ፤ እንጨቱ ርጥብ ብሳና ይበዛበታል፣ ይጨሳል። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «ያቺ ሴት ምነው ቀረች? ታማ ይሆን?» ይሉኛል። «እንጃ፣ እሜቴ» እላለሁ። ይህን ሲሉኝ የእህታቸው ልጅ ካለች ዓይኗን ከእኔ አታነሣም።

በዚያው ክረምት የዛፎቹን የአማርኛ ስም በሙሉ ለቅሜ ተማርሁ። እሜቴ ጥርሳቸውን የሚፍቁበት እንጨት ልምጭ ከሚባል ዛፍ መሆኑን፣ በርጩማቸው ከዋንዛ መሠራቱን፣ የግቢው ጥግ ላይ ያለው ግራዋ መሆኑን እየጠየቅሁ አወቅሁ። «ደምቢያ ዛፍ የላትም እንዴ?» ይሉኝ ነበር እየሳቁ። መምህሩም ያመጣሁላቸውን ቅጠል እያዩ ይነግሩኛል። እያንዳንዱን ከእናቴ ስም ጋር በልቤ አጋጠምሁት። አንዳንዱ በትክክል ይገጥማል፤ አንዳንዱን እሷ ለሁለት ከፍላ የምትጠራውን አማርኛው አንድ ያደርገዋል። ይህን የምነግራት እሷ ነበረች፤ እሷ ደግሞ የለችም።

አንድ ቀን አራዳ ላይ ያችን የገዢ ድምፅ የምታስመስል ጎረቤታችንን አገኘኋት። እንጨቷን ሸጣ ገመዷን ትከሻዋ ላይ ጥላ ትሄዳለች። ተከተልኋት።

«እናቴ እንዴት ናት?» አልኋት።

ዙሪያዋን አየች። «ደህና ናቸው፣ እሜቴ» አለችኝ።

እኔን ነው «እሜቴ» ያለችኝ። ስታስመስል አልነበረም። በጀርባዋ አዝላኝ የምታውቅ ሴት ናት። አልፋኝ ሄደች፤ እኔም የተላክሁትን ጨው ገዝቼ ተመለስሁ። ወደ ቤት እስክደርስ ግን ያ ቃል አልለቀቀኝም። እናቴም አንድ ቀን መንገድ ላይ ብታገኘኝ እንዲሁ የምትለኝ መሰለኝ፤ ትምህርቴን እንድጨርስ ብላ።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው መጠንከር ጀመረ። አንድ ጧት የበሩን አፍ እጠርጋለሁ፤ እሜቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ከበሩ ላይ ቆመዋል። እናቴ ሸክሟን ይዛ ከመንገዱ ማዶ ወደ ጎረቤታችን ቤት ስታመራ አዩዋት።

«አንቺ ሴት» ብለው ጠሯት። «ነይ እስቲ ወዲህ።»

ቆመች። ከዚያ መንገዱን ተሻግራ መጣች። ከስታለች።

«ምነው እንዲህ ጠላሽን? ክረምቱን በጭስ አለቅን እኮ።»

«እንዲያው ነው እሜቴ፤ ጭቃው እያስቸገረኝ።»

«ጭቃው ከጎረቤቴ በር ይልቅ እኔ በር ላይ ይበረታል?»

እናቴ ሸክሟን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«ያስቀየመሽ ሰው ካለ ንገሪኝ» አሉ እሜቴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ነሽ። ምን ብለሻት ነው? ቃል ማረም ለምደሽ የሰው አንደበት ነቀፍሽባት መሰለኝ።»

«ኧረ እሷ ምንም አላለችኝም» አለች እናቴ ቶሎ ብላ። «ጨዋ ልጅ ናት። የማን ልጅ እንደሆነች አላውቅም እንጂ ያሳደጋት ይባረክ።»

የእሜቴ የእህት ልጅ ድምፅ ሰምታ ከቤት ወጥታ ነበር፤ ከደጃፉ ቆማ ታያለች። ለእናቴ የቀራት አንድ እርምጃ ዞሮ መሄድ ነበር። ከሄደች እንደማትመለስ አወቅሁ።

«እናቴ ናት» አልሁ።

እሜቴ «ምን አልሽ?» አሉ፤ ቃል ሳበላሽ እንደሚሉት ዓይነት።

«እናቴ ናት፣ እሜቴ። እኔ የደምቢያ አይደለሁም። ያሳደገችኝ እሷ ናት።»

እናቴ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ልጅቷ አፏን ልትከፍት ስትል እሜቴ ሳያዩዋት እጃቸውን አነሡባትና ዝም አለች። አንዴ እናቴን፣ አንዴ እኔን አዩ። ምን እንዳሰቡ ከፊታቸው ማንበብ አልቻልሁም።

«እና እናትሽን ሸክም አሸክመሽ አቁመሽ ነው ይህን ሁሉ የምታወሪ?» አሉኝ። «አውርጅላት እንጂ።»

መጥረጊያውን ጥዬ ሄድሁና ገመዱን ከትከሻዋ ላይ ፈታሁላት።